«በሽታው እኛ ዘንድ የለም» መልስ ነው?

መተማ ዮሐንስ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱ አብሯት አይጠልቅም። ከድልድዩ ማዶ ገላባት ነው፤ ሱዳን። ከዚያ መንገዱ ወደ ገዳሪፍ ይነጉዳል። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንዲት አምፖል ተንጠልጥላለች፤ የእሳት ራት ወሯታል። ከጨለማው ውስጥ አንዲት የሌሊት ወፍ ሽው ትልና አንዱን ለቅማ ትሰወራለች። ትመለሳለች። ደግሞ አንዱን። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን በሰሊጥ እርሻ ላይ የጨረሱ ናቸው።

«ድሮ እንዲህ አንዳንድ እየሆነች አልነበረም የምትመጣው» አሉኝ።

«ታዲያ አባቴ፣ የት ሄዱ?»

«ዛፉ የሄደበት ነዋ!» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

ይህችን ነገር ይዤ መልስ መስጠት ሥራቸው ወደሆነ ሰዎች ዘንድ ሄድኩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ወንበራቸውንም አልጠቁምም። የአንድ ሰው መልስ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀኝ። መልሱ ምን መሰላችሁ? «አሜሪካን አገር የሌሊት ወፎችን የፈጀው የፈንገስ በሽታ እኛ ዘንድ የለም፤ ስለዚህ የሚያሳስብ ነገር የለም።»

እኔ ስለ በሽታ ጠየቅኩ? የጠየቅኩት ስለ ዛፍ አልነበረም? ደግሞስ ያቺ «ስለዚህ» ከየት መጣች? ከ«በሽታው የለም» ወደ «አያሳስብም» በአንዲት ቃል ዘለው ተሻገሩ። ከመካከል ያለው ገደል አልታያቸውም? ወይስ እኛ አናየውም ብለው ነው?

እሺ፣ እነሱ ከጀመሩበት እንጀምር። በሽታውን እንወቀው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በየካቲት 2006 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሃው በሚባል ዋሻ አፍንጫቸው ላይ ዱቄት የተነፋባቸው የሚመስሉ የሌሊት ወፎች ፎቶግራፍ ተነሡ። ዱቄቱ ፈንገስ ነበር። በሽታውም «ነጭ አፍንጫ» ተባለ። የዚያ አገር የሌሊት ወፎች የበረዶውን ወራት ዋሻ ውስጥ ተንጠልጥለው ያንቀላፋሉ፤ ልባቸው ዝግ ይላል፣ ገላቸው ይቀዘቅዛል፣ ቀድመው ያጠራቀሟትን ስብ ይቆጥባሉ። ፈንገሱ በዚያ ቅዝቃዜ ክንፋቸው ላይ ይበቅልና ቆዳውን ይቦረቡረዋል። ይባንናሉ። በባነኑ ቁጥር ስቡ ይነዳል። ምግብ ፍለጋ ሲወጡ ደጁ በረዶ ነው፤ አንዲት ነፍሳት የለችም። ብዙዎቹ የሚሞቱት በረሃብ ነው። ሦስት ዝርያዎች አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከመቶ ከ90 በላይ አለቁ። ከሦስቱ አንዷን የአሜሪካ መንግሥት በ2022 ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ አስገብቷታል።

ያው ፈንገስ በአውሮፓና በእስያም አለ። እዚያ ግን ወፎቹ አብረውት ስለኖሩ በጅምላ አይረግፉም። ታዲያ አትላንቲክን እንዴት ተሻገረ? በሰው ጫማ ወይም ዕቃ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ገዳሪፍ እንመለስ። ፈንገሱ የሚመቸው ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው፤ 20 ዲግሪ ሲያልፍ ማደጉን ያቆማል። ገዳሪፍና መተማ በሚያዝያ 40 ዲግሪ ይደርሳሉ። የቆላው የሌሊት ወፍም ለወራት አያንቀላፋም። ስለዚህ «የለም» መባሉ ቢያንስ ለቆላው ትክክል ነው። አልከራከርም።

ግን ለዚህ የሚመሰገነው ማን ነው? ፀሐይዋ አይደለችም? መልሱን የሰጣችሁኝ እናንተስ ምን አደረጋችሁ? ፈንገሱን ያገደው ኬላ የእናንተ ነው? የመረመረው ቤተ ሙከራ የእናንተ ነው? ሙቀቱ የሠራውን ሥራ በሪፖርታችሁ ላይ እንደ ክንውን ማስፈር እስከ መቼ ነው?

ደግሞ አገሩ ቆላ ብቻ ነው? ከመተማ በስተ ምሥራቅ ቀና ቢሉ የስሜን ተራሮች አሉ። የዋሻ ውስጥ ሙቀት የአካባቢውን የዓመት አማካይ ይከተላል፤ በስሜንና በባሌ ከፍታዎች ደግሞ ይህ አማካይ ከ15 ዲግሪ በታች ነው። ለፈንገሱ የተደላደለ ቤት ማለት ነው። በደጋችን ላይ ከዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ የሌሊት ወፎች አሉን። አንደኛዋ በ1927 ለሳይንስ የተዋወቀች፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው የጀምጀም ጫካ የተገኘች ናት፤ ስሟ ማዮቲስ ስኮቲ ይባላል፤ ለአደጋ የተጋለጡ ከሚባሉት ተመድባለች። ሌላዋ ጆሮ ረጅሟ የባሌ የሌሊት ወፍ ናት፤ እሷን ሳይንስ ያወቃት ገና በ2000 ነው። እነዚህ በቅዝቃዜው ወራት ምን ያህል ያንቀላፋሉ? የሚያድሩበት ዋሻ ስንት ዲግሪ ነው? ቴርሞሜትር ይዞ የገባ ሰው ልካችኋል? ከአውሮፓ ዋሻ ወጥቶ በዚያው ጫማ ዋሻችን የሚገባውን ጎብኚ «እስኪ ጫማህን አጽዳ» ያለው አለ? አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ብሩሽ ስንት ብር ነው?

አውስትራሊያን ተመልከቱ። እዚያም በሽታው የለም። ግን «የለም» ብላ አልተኛችም። ቢመጣስ ብላ የአደጋ ግምገማ አስጠናች፤ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የትኞቹን ዝርያዎች እንደሚመታ ለየች፤ ለዋሻ ጎብኚዎች የጽዳት መመሪያ አወጣች። እናንተ ሳትመረምሩ «የለም» ትላላችሁ። የትኛው «የለም» ነው የሚታመነው?

ይሁን። ይህን ሁሉ ብትመልሱልኝም የሽማግሌው ነገር አልተመለሰም። «ዛፉ የሄደበት» ነው ያሉት። ዛፉ የት ሄደ?

ገዳሪፍን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። አገሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ጫማ የሚያስቀር፣ በበጋ እንደ አፍ የሚሰነጠቅ። በ1940ዎቹ፣ ዓለም በጦርነት ላይ እያለች፣ ለሠራዊት እህል ያስፈልጋል ተብሎ ትራክተር ገባበት። ከዚያ ወዲያ ትራክተሩ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ማሽላው ሰፋ፤ ሰሊጡ ተከተለ፤ ዛሬ የሚታረሰው፣ በሱዳኖች የመሬት መለኪያ፣ በሚሊዮን በሚቆጠር ፈዳን ነው። በፊት በቦታው የነበረው ሱዳኖች ጣልህ የሚሉት ግራርና ሙጫ የሚለቀምበት ሃሻብ ነበር። አሁን በመኪና ስትጓዙ ዓይናችሁ የሚያርፍበት አንድ ዛፍ ፍለጋ ምን ያህል ትሄዳላችሁ? ቀን ላይ የሚያርፈው ዓይናችሁ ብቻ አይደለም። በዛፍ ላይ የምትውል የሌሊት ወፍም ማረፊያ ትሻለች።

ይህ እንዳይሆን ሕግ ወጥቶ አልነበረም? ወጥቷል። የሱዳን የደን ሕግ ከ1989 ጀምሮ በዝናብ ከሚለማ እርሻ ከመቶ 10 እጁ ለዛፍ ይተው ይላል። ሒሳቡ የአንደኛ ክፍል ነው። አንድ ሺህ ፈዳን ያለው ገበሬ መቶ ፈዳን ዛፍ ሊኖረው ይገባል። የታለ? የትኛው እርሻ ላይ? ማን ቆጠረው? ባልተከለው ላይ ቅጣት ተወስኗል? ከተወሰነ ስንቱ ላይ? ካልተወሰነ ሕጉ ለምን ወጣ?

ከድልድዩ ማዶ ያላችሁት «ጦርነት ነው» ትላላችሁ። አውቃለሁ። ሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ የተተኮሰው ጥይት ገዳሪፍንም አላስተረፈም፤ ከተማዋ ከራሷ ሕዝብ ሌላ ተፈናቃይም ተሸክማለች። ግን ሕጉ የወጣው በ1989 ነው። ከዚያ እስከ ጦርነቱ 34 ዓመት አለ። በ34 ዓመት ውስጥ አንድ ግራር ተዘርቶ፣ አድጎ፣ ሙጫ ሰጥቶ፣ አርጅቶ ይሞታል። ያኔስ ምክንያታችሁ ምን ነበር?

ደግሞ ጣታችሁን ወደ ተፈናቃዩ እንዳትቀስሩ። በ2020 መጨረሻ ከኢትዮጵያ ሸሽቶ ኡም ራኩባ የገባው ሰው ማገዶ ለቀመ። በ2023 ከሱዳን ሸሽቶ በመተማ በኩል ኩመርና አውላላ የሰፈረው ሰውም ማገዶ ለቀመ። ምን ያድርግ? ጥሬውን ይቆርጥመው? መጠለያ ሲከፈት ምድጃና ማገዶ አብሮ መታሰብ ያለበት በማን ነበር? በስደተኛዋ እናት?

ከድንበሩ ወዲህስ እኛ ጻድቃን ነን? አይደለንም። መተማና ቋራ ላይ ሰሊጥ «ነጭ ወርቅ» ተብሎ ደን እየተመነጠረ ተዘርቷል። የመተማ የዕጣን ዛፍ ምሳሌ ይሁነን። ተመራማሪዎች በ2011 መጨረሻ ያወጡት ጥናት በያዝነው መንገድ ከቀጠልን ዛፉ በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ 90 እጁ ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቋል። አሮጌዎቹን እሳትና ነቀዝ ይጥላቸዋል፤ ችግኙን ከብት ይግጠዋል፤ ተተኪ የለም። ይህ ከተነገረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነ። ምን ለወጣችሁ? የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 (ይኼኛው በእኛው አቆጣጠር ነው) አለን። በሺህ ሄክታር ለሚቆጠር የሰሊጥ እርሻ ፈቃድ ስትሰጡ ግምገማው የት አለ? «የሌሊት ወፍ» የሚል ቃል ያለበት አንድ ገጽ ልታሳዩን ትችላላችሁ? አንድ ገጽ ብቻ።

ቀረብ ብለን አንዷን እንያት። በገዳሪፍና በቋራ መሰል የግራር ሜዳ ላይ፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ክንፏ ብርቱካንማ ቢጫ የሆነ፣ ጠጉሯ አመድማ የሌሊት ወፍ ትኖራለች። ዋሻ አትወድም። ቀኑን የምትውለው ግራር ላይ ተንጠልጥላ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩአት የደረቀ ቅጠል ትመስላለች። ጆሮዋ ከፊቷ ይረዝማል። ወንድና ሴት ሆነው አንድ አካባቢ ይይዛሉ፤ ጎረቤት አያስገቡም። ግራሩ ሲያብብ ነፍሳት ይሰበሰባሉ፤ እሷም ከቅርንጫፏ ዘላ ቀልባ ትመለሳለች። ቤቷም ጓዳዋም ያው ዛፍ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ወዴት ትሂድ? ትራክተሩ ሥር ትደር?

አሁን «እሷ እኮ በዓለም አቀፉ መዝገብ አሳሳቢ ከሚባሉት ውስጥ የለችም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነው። ግን መዝገቡ የሚናገረው ከዳካር እስከ ናይሮቢ ስላለው ጠቅላላ ብዛት ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ገዳሪፍ ነው። ኬንያ ውስጥ መኖሯ ለመተማ ምን ይረባታል? መዝገቡ የሚጻፈው ደግሞ ከሚገኘው መረጃ ነው። ምን ቁጥር ላካችሁ? ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያ አለ። ስንቱን ቆጠራችሁ? ያልተቆጠረ ነገር ሲቀንስ በምን ይታወቃል? ወይስ እንዳይታወቅ ነው የማይቆጠረው?

ከግራሩ ቀጥሎ ባኦባብ አለ። ሱዳኖች ተበልዲ ይሉታል፤ ፍሬውን ጎንጎሌዝ። ሆዱ ባዶ ስለሆነ ለብዙ ፍጥረት ቤት ነው። አበባው የሚፈካው ሲመሽ ነው፤ ነጭ ነው፤ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ሽታው ለሰው ደስ አይልም። እንግዳው ሰው አይደለማ! ፍሬ በል የሌሊት ወፎች ናቸው ከአበባ አበባ ብናኙን የሚያደርሱለት። ከእነዚህ አንዷ ገለባማ ቀለም ያላት ትልቋ ፍሬ በል ናት፤ ቁጥሯ እየቀነሰ ለስጋት የቀረበች ተብላ ተመዝግባለች፤ በአፍሪካ ረጅም ርቀት ትሰደዳለች። ኢትዮጵያ ስደተኛ የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ የተደረገውን የቦን ስምምነት ከ2010 ጀምሮ ተቀብላለች፤ ይህቺ ወፍም በስምምነቱ አባሪ ውስጥ አለች። ፈርማችኋል። ከፈረማችሁ ወዲህ ምን ሠራችሁ? የጎንጎሌዝ ነጋዴ በሚቀጥለው ትውልድ ፍሬ ከየት ያምጣ?

አላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ2006 ተከለለ። ከድንበር ማዶ የሚያያዘው ዲንደር ከ1935 ጀምሮ ፓርክ ነው። በካርታ ላይ ሁለቱ ተያይዘው አረንጓዴ ናቸው። በመሬት ላይስ? በ1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመውን የወሰን ውል የሌሊት ወፏ አላነበበችውም፤ ዛሬ አላጣሽ አድራ ነገ ዲንደር ትበላለች። የሁለቱ ወገን ጠባቂዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ያወጡት የጋራ ቆጠራ አለ? ካለ ለምን አናየውም?

አሁን ወደሚያሳምመው ደረስን። ግሪሳ።

ማሽላ ሲያሽት ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይወርዳል። ገበሬው ይጮኻል፣ ወንጭፍ ያስወነጭፋል፣ ልጆቹን ማማ ላይ ይሰቅላል። አይበቃም። ከዚያ አውሮፕላን ይጠራል። የሚረጨው መርዝ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ፌንቲዮን ነው። የሚረጨው መቼ ነው? ግሪሳው ሊያድር ወደ ዛፉ ሲመለስ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ። የሌሊት ወፍ የምትወጣው መቼ ነው? ያው ሰዓት ነው! የግሪሳው ማደሪያ የሆነው ግራር የማን መዋያ ነው? መርዙ ጭልፊቱንና ጉጉቱን እንደሚገድል ከተጻፈ ቆይቷል። ታዲያ ከርጭቱ ማግስት ዛፉ ሥር ወርዶ የወደቀውን የቆጠረ አለ? ከግሪሳው መካከል ክንፈ ቆዳዋን የለየ አለ?

ቻድ ይህ መርዝ ሰው እየጎዳ ነው ብላ ስለ አደገኛ ኬሚካሎች ንግድ ለተደረገው የሮተርዳም ስምምነት አመልክታ ነበር። ጉዳዩ ከስብሰባ ስብሰባ ሲንከባለል ቆይቶ በ2025 ጠንካራው ዓይነት ፌንቲዮን ከዝርዝሩ ገባ። መግባቱ መታገድ አይደለም፤ ትርጉሙ ተቀባዩ አገር አውቆ፣ ወዶ፣ ፈርሞ ያስገባ ማለት ነው። ሱዳንም ኢትዮጵያም አባል ናቸው። እንግዲህ ውሳኔው የእናንተ ነው። ምን ወሰናችሁ? ገበሬው አውቋል? ያን ማሳ የሚያጭደው፣ ሳሉግ የሚባለው ወቅታዊ ሠራተኛ አውቋል? ከደጋ ወርዶ ዳስ ሥር የሚያድረው ልጅ አውሮፕላኑ ሲያልፍ ወዴት ይሸሽ ብላችሁታል?

የግሪሳውን ጉዳት አቃልላችሁ ተመልከቱ አልልም። አንድ ሌሊት የዓመት ጉሮሮ ይዘጋል። የምለው ግን አንድ ጠላት ስትገድሉ ስንት ወዳጅ ገደላችሁ ነው።

ወዳጅ ነች ወይ? ትሉኝ ይሆናል። ነፍሳት በል የሆነችው የሌሊት ወፍ በአንድ ሌሊት እስከ ክብደቷ ግማሽ ድረስ ነፍሳት ትበላለች። ማዳጋስካር ላይ ኩሷ በዲኤንኤ ተመርምሮ የሩዝ ተባይ ተገኝቶበታል። ሰሊጥን ቅጠሉን በድር ጠቅልሎ የሚበላው ትል ሲያድግ ምን ይሆናል? የእሳት ራት። በ2017 ኢትዮጵያም ሱዳንም የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ሲያድግ ምን ይሆናል? እሱም የእሳት ራት። ሁለቱም የሌሊት በራሪ ናቸው። ሻይ ቤቱ አምፖል ሥር ያየኋት ወፍ የምትለቅመው ምን መሰላችሁ? በገዳሪፍ ማሽላና በመተማ ሰሊጥ ላይ እንዲህ ያለ የኩስ ምርመራ አስጠንታችኋል? የሚጠይቀው አንድ መጥረጊያ፣ አንድ ከረጢትና አንድ ቤተ ሙከራ ነው።

እዚህ ላይ ነጭ አፍንጫ እንደገና ይመጣል፤ እናንተ ባልጠበቃችሁት በር። በ2024 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት በሽታው የገባባቸውን የአሜሪካ ወረዳዎች ካልገባባቸው ጋር አነጻጸረ። የሌሊት ወፍ ሲያልቅ ገበሬው ምን አደረገ? የተባይ መድኃኒት ጨመረ፤ ከመቶ 31 ያህል። ከዚያስ? በእነዚያ ወረዳዎች በአደጋና በግድያ ሳይሆን በሌላ ምክንያት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከመቶ 8 ያህል ከፍ አለ። ከነጭ አፍንጫ መማር የነበረባችሁ ይህን ነበር። ወፏ በፈንገስ ትለቅ፣ በትራክተር ትለቅ፣ በመርዝ ትለቅ፣ ለተምቹ ምን ልዩነት አለው? ለሕፃኑስ? «ፈንገሱ የለም» ስትሉኝ ገዳዩ አንድ ብቻ ነው እያላችሁኝ ነው። አሜሪካን የጎዳት የፈንገሱ ስም ነው ወይስ የወፏ መጥፋት?

የሰው ፍርሃትም አለ። ኮሮና የመጣ ሰሞን ጣት ሁሉ ወደ የሌሊት ወፍ ተቀሰረ። በኅዳር 2025 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ ሲገለጽም ወሬው ያው ነበር። ቫይረሱን የሚሸከመው ዋሻ አዳሪው ግብፃዊ ፍሬ በል መሆኑ እውነት ነው፤ ሊደበቅም አይገባም። ግን ሕዝቡ «እናቃጥላቸው» ሲል ምን ነገራችሁት? ኡጋንዳ ውስጥ ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ በ2007 ሠራተኞች በማርበርግ ከታመሙ በኋላ የሌሊት ወፎቹ በሺህ ተጨፍጭፈው ነበር። በ2012 ጉድጓዱ ውስጥ ተመልሰው የሰፈሩት ሲመረመሩ ቫይረሱ የተገኘባቸው ከበፊቱ በእጥፍ በልጦ ተገኘ። በዚያው ዓመት በአቅራቢያው ወረርሽኝ ተነሣ። መግደል አባባሰ እንጂ አልፈወሰም። ይህ በአማርኛ የተጻፈበት አንድ ፖስተር መተማ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ አለ? ገዳሪፍ ላይስ በዓረብኛ? «ዋሻ አትግቡ፣ በእጃችሁ አትንኩ፣ ግን አትጨፍጭፉ» ለማለት ስንት መስመር ይፈጃል?

ልጅ ሆነን የሰማነው ተረት አለ። የሌሊት ወፍን ወፎች ግብር ክፈይ ሲሏት ጥርሷን ታሳያለች፤ «እኔ አይጥ ነኝ።» አይጦች ሲጠይቋት ክንፏን ትዘረጋለች፤ «እኔ ወፍ ነኝ።» ተረቱ እሷን ሊያማ የተነገረ ነበር። አሁን ሳስበው ሐሜቱ በማይገባት ላይ ነው የወደቀው። የዱር እንስሳቱን ስጠይቅ «ይህ የእርሻ ጉዳይ ነው» ይሉኛል። የእርሻውን ስጠይቅ «የደን ነው።» የደኑን ስጠይቅ «የጤና አይደለም እንዴ?» የጤናውን ስጠይቅ «የዱር እንስሳት።» ጥርስና ክንፍ የሚያቀያይረው ማን ሆነ?

በነገራችን ላይ፣ ከነዚህ በሮች በአንዱ አንድ ወጣት ባለሙያ አግኝቻለሁ። የሌሊት ወፍ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ዓይቶ ያውቃል፤ ሥልጠና ላይ። «ቢሰጡኝ በአንድ ወቅት ውስጥ ከመተማ እስከ ቋራ ያሉትን ድምፅ እቀዳልዎ ነበር» አለኝ። ጠይቋል። የተሰጠው መልስ «በበጀት አልተያዘም» ነው። ለማይታይ በሽታ «የለም» ብሎ ለመፈረም በጀት አያስፈልግም፤ ላለች ወፍ ግን «አለች» ለማለት ገንዘብ ጠፋ። እንዲህ ነው?

እኔ የጠየቅኩት ተአምር አይደለም። ከመቶ 10ሩ ዛፍ የት እንዳለ በእርሻ በእርሻ ዘርዝራችሁ አውጡ። ከግሪሳ ርጭት ማግስት የወደቀውን ቁጠሩ፤ ቁጥሩን አትደብቁ። የደጋ ዋሻዎቹን ሙቀት ለኩ፤ በራቸው ላይ ባልዲና ብሩሽ አኑሩ። በአላጣሽና በዲንደር የሚያድረውን በጋራ ቁጠሩ፤ ዛሬ በጦርነት ካልተቻለ በእጃችሁ ካለው ወገን ጀምሩ። ለገበሬው የምትሉት ነገር ካለ በገበያ ቀን ንገሩት፤ በአዳራሽ አይደለም።

መተማ ላይ ሰሊጥ የሚዘራው ሰኔ ሲያልቅ፣ ሐምሌ ሲገባ ነው። ትራክተሩ ከዚያ በፊት ይገባል፤ መሬት የሚመነጥረውም ከትራክተሩ በፊት። መልሳችሁ ከመጥረቢያው ቀድሞ ይድረስልን።